ደንበኛ የሚያባርር ታፔላ

ከመንግሥት ሥራ የለቀቅኩት ጦርነቱ ወልድያ ከመድረሱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ከተማው ሁሉ ሥራ ሊፈታ ሲል እኔ በገዛ እጄ ቀደም አልኩ ማለት ነው። በማመልከቻዬ ላይ «በራሴ ፈቃድ» ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በራሴ ፈቃድ ያደረግኩት ነገር ትዝ አይለኝም።

ወልድያ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ደብዳቤ እተይባለሁ፣ ፋይል አወጣለሁ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እያልኩ ስልክ አነሣለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል ደግሞ፣ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር መሬት ላይ በተወጠረ ጨርቅ ላይ ተደፍቼ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የምጽፈው እኔ ነኝ። ለጨርቁ ገንዘብ ይወጣል፣ ለቀለሙ ይወጣል፣ ለእንግዶቹ ሻይና ዳቦም ይወጣል። ለጻፈችው ሴት የሚወጣው «እግዜር ይስጥሽ» ብቻ ነው። አንድ ቀን ጉልበቴ ደንዝዞ ከጨርቁ ላይ ስነሣ፣ መሥሪያ ቤቱ በነጻ የሚጠቀምበትን እጄን ለምን ለከተማው አልሸጠውም ብዬ አሰብኩ። ወልድያ ውስጥ ባለ ሱቁም፣ ባለ ጋራዡም፣ ባለ ፀጉር ቤቱም ታፔላ ይፈልጋል። ሰው የሚያውቃቸው ታፔላ ጸሐፊ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸውም ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው።

ባለቤቴ የአማርኛ መምህር ነው። ሐሳቤን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ይህን የሚያደርገው ተማሪ የማይረባ ጥያቄ ሲጠይቀው ነው።

«ከጸሐፊነት ለቅቀሽ ምን ልትሆኚ?»

«ጸሐፊ።»

«ስሚኝ» አለ። «ደመወዝ ማለት ሰማይ ቢደፋ በወሩ መጨረሻ የምትመጣ ነገር ናት። ዝናብ አያግዳትም፣ በዓል አያግዳትም።»

ጦርነት አላለም። ለማለት ምክንያት አልነበረውም፤ ያኔ ጦርነቱ ሬዲዮ ውስጥ ነበር።

ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ብሩሽ መርቀው ሰጡኝ። ቀለም መግዣ ግን አልነበረኝም። የመጨረሻዋ ደመወዜ የቤት ኪራይ ሆና አለቀች። ስለዚህ ቤት ወደሚሠራበት ሁሉ እየዞርኩ፣ በየጣሳው ግርጌ የቀረውን ቀለም ለመንኩ። ሰው አትርፎ የሚሰጠው የማይወደውን ቀለም መሆኑን ያወቅኩት በዚያ ሳምንት ነው። አንዱ በር ቀብቶ የተረፈው፣ ሌላው አጥር ቀብቶ የጠላው፣ ሁሉም ቡናማ። አንድ ላይ ስገለብጠው ትልቅ ጣሳ ሞላ። የግል ሥራዬ ካፒታል ይህ ነበር።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ፀጉር አስተካካይ ነው። የሰው ጭንቅላት ሳዪልኝ አለኝ፤ ሰው ሥዕሉን አይቶ ሳያነብ እንዲገባ። እኔ ደግሞ ፊደል እንጂ ፊት አልችልም። ብዙ ካየሁት ፊት ብጀምር ይሻላል ብዬ ጀመርኩ። ስጨርስ ቆርቆሮው ላይ የተቀመጠው፣ ፀጉሩ በቡናማ ቀለም የጎፈረ፣ የቀድሞ አለቃዬ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ «የተከበረ ሰው ይመስላል» ብሎ ወደደው፤ ለሥራዬም የባለቤቴን ፀጉር በነጻ ሊቆርጥ ቃል ገባ። በሳምንቱ አለቃዬ ራሳቸው በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው ወደ ላይ አዩ።

«ይህን ሰውዬ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

«መልኩ የተለመደ ነው» አልኳቸው።

ሁለተኛ ደንበኛ ሳላገኝ ጦርነቱ ከሬዲዮ ወጣ። ቆቦ ተያዘች ተባለ፣ መድፍ ተሰማ፣ መናኸሪያው በሰው ተጨናነቀ። ያለው ሰው በሚኒባስ ወደ ደሴ ይሸሻል፤ የአንድ ሰው ታሪፍ የበግ ዋጋ ሆኗል። እኛም እንደ አቅማችን ሸሸን፤ አቅማችን መርሳ ድረስ ነበር። መርሳ አክስቴ አሉ። ባለቤቴ የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አሰረ። እኔ ብሩሾቼንና የቀለም ጣሳዬን ያዝኩ።

«ሰው ልጅና ፍራሽ ይዞ ይሸሻል፣ አንቺ ቡናማ ቀለም!» አለኝ።

«ዲግሪህንስ መንገድ ላይ ማን ሊያነበው ነው?»

«ቀለሙንስ ማን ሊቀባው ነው?»

ሁለታችንም ደህና ጥያቄ ነበር የጠየቅነው። እስከ ሲሪንቃ ተኳርፈን ሄድን፤ ከዚያ በኋላ ለኩርፊያ የሚሆን ጉልበት አልነበረንም።

አክስቴ ግቢያቸው ማንጎና ፓፓያ የሞላበት፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። እግራችንን አሳጥበው ገና ጓዛችንን ሳንፈታ ጦርነቱ እኛን ተከትሎ መርሳ ገባ። የሸሸነው ከእሱ መሆኑን የነገረው የለም። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። የወሩ መጨረሻ ደረሰና አለፈ፤ ባለቤቴ ስለ ደመወዝ አንድም ቃል አልተናገረም፤ እኔም አላነሣሁበትም። መምህሩ፣ ነርሱ፣ የወረዳው ሠራተኛ ሁሉ ጠዋት ተነሥቶ ዛሬ ምን ልሥራ የሚል ሰው ሆነ። ሀብሩ ወረዳ በሙሉ እንደኔ የግል ሥራ ጀማሪ ሆነ ብል አላጋነንኩም።

ከአክስቴ ግቢ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የሐጂ ሱቅ አለ። ሐጂ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ነጋዴ ናቸው። ሞባይል፣ ቴሌቪዥንና ሶላር ይሸጣሉ፤ ይህም ከበራቸው በላይ በሰማያዊና በቀይ፣ ግድግዳውን ሞልቶ ተጽፏል። አንድ ጠዋት አክስቴ ግቢ ገብተው ሰላምታቸውን አረዘሙ፤ ስለ ጤናችን፣ ስለ እናት አባታችን፣ ስለ ማንጎው ሁሉ ጠየቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ታፔላ ትጽፊያለሽ አሉኝ።»

«አዎ ሐጂ፣ እጽፋለሁ» አልኩ። ልቤ ዘለለ።

«ማጥፋትስ ይሆንልሻል?»

ነገሩን አስረዱኝ። ታጣቂዎቹ የሚገቡበትን ሱቅ የሚመርጡት ታፔላ እያነበቡ ነው። ታች ሰፈር ያለውን የስልክ ሱቅ ጽሑፉን አንብበው ሰብረው አራግፈውታል። የሐጂ ጽሑፍ ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ ይነበባል። «ትናንት አንዱ ቆሞ ሲያነብ አየሁት» አሉ። «ወላሂ፣ ያን ጽሑፍ ያስጻፍኩበትን ቀን ረገምኩት።»

ለማጥፋት ደግሞ ከቡናማ የተሻለ ቀለም የለም፤ አቧራ ይመስላል። አክስቴ ፓፓያ የሚያወርዱበትን መሰላል አመጣን። ባለቤቴ መሰላሉን ያዘ፣ እኔ ወጣሁ። «ሞባይል»ን፣ «ቴሌቪዥን»ን፣ «ሶላር»ን አንድ በአንድ ቀበርኳቸው። የጻፈው ሰው ጎበዝ ነበር፤ የ«ሶ» አንገቷ ልቤን በላው። ስንጨርስ ሦስታችንም መንገዱን ተሻግረን አየነው። እንደ አዲስ የተቀባ ሰፊ ቡናማ አራት ማዕዘን በሩ አናት ላይ ተቀምጧል። እዚህ አንድ ነገር ደብቀናል ብሎ የሚጮህ ነው የሚመስለው።

«ባዶውን አይሆንም» አልኩ። «ሰው የማይፈልገውን ነገር እንጻፍበት።»

በሙያዬ ሰው የማይፈልገውን ነገር አውቃለሁ። የመዝገብ ማከማቻ እንበለው አልኩ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የመንግሥት ያልሽው እንደሆነ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።» ብዙ አሰብን። በመጨረሻ ሐጂ ራሳቸው «የሚሸት ነገር ይሁን» አሉ። «ቆዳ።» እኔም «የቆዳና ሌጦ ማከማቻ» ብዬ ልጀምር ስል ባለቤቴ ከመሰላሉ ሥር አስቆመኝ። ታጣቂ ቢመጣ መሸሸጊያ የሌለን ሰዓት ላይ ነን፤ እሱ ግን ቃሉ አላማረውም።

«ማከማቻ ደረቅ ነው። መረከቢያ በይው፤ መረከቢያ ይሻላል፣ ክብደት አለው።»

ነጭ ቀለም ስለሌለኝ ኖራ በጥብጬ «የቆዳና ሌጦ መረከቢያ» ብዬ ጻፍኩ። ሐጂ ከጎረቤት ያልደረቀ የፍየል ቆዳ አምጥተው በሩ ጎን ሰቀሉት፤ ዝንቡ ወዲያው ሥራውን ጀመረ።

በማግሥቱ ሁለት ታጣቂዎች መጡ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። አንደኛው ቀና ብሎ ጽሑፌን አነበበ፤ በሕይወቴ እንደዚያ በጥንቃቄ ያነበበኝ ሰው የለም። በር ላይ ደርሶ አፍንጫውን ያዘ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ቆዳ ነዋ ልጄ» አሉ ሐጂ፣ ቁጭ ባሉበት። «ግባ፣ ውስጥም አለ።»

አልገባም። ሲሄዱ ሐጂ ቆዳውን ወደ በሩ ይበልጥ አስጠጉት። ማታ ማሽላ በጆንያ አሸክመው ላኩልኝ። በእጄ ሙያ ያመጣሁት የመጀመሪያ እህል ነው፤ አክስቴ እልል አሉ፣ ባለቤቴም ቂጣውን በላ።

የ«መረከቢያ» ክብደት የታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ የበግ ቆዳ ትከሻቸው ላይ ጥለው ሐጂ በር ላይ ቆሙ።

«ቆዳ ትረከባላችሁ አሉ።»

«ማን ነው ያለው?» አሉ ሐጂ ደንግጠው።

«ጽሑፉ ነዋ። አንድ ተማሪ አነበበልኝ።»

ሐጂ አንረከብም ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ታጣቂዎች በመንገዱ እየመጡ ነበር። አፋቸውን ዘጉ፤ ቆዳውን ተቀበሉ፤ ስኳር ሰጥተው ሸኙ። ገበያ በሌለበት አገር አንድ የሚረከብ ሰው ተገኘ መባል ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አየን። የመስቀል ሰሞንማ ከግራና ከተማ በኩል ሳይቀር ቆዳ በአህያ መጣ። ሐጂ የቤታቸውን ጨው ሁሉ ቆዳ ላይ ነሰነሱት፤ ሚስታቸው ወጡ አልጫ ሆነ ብለው አኮረፉ። ቴሌቪዥኖቹ ከታች፣ ቆዳዎቹ ከላይ ተደረደሩ። ሐጂ እኔን ባዩ ቁጥር «ባልሽ ደህና ነው?» ይሉኛል። «አላህ ቃሉን ይባርክለት።»

ሥራው ግን ለእኔ ሰመረ። ወሬው በሹክሹክታ ዞረና ባለ ሱቁ ሁሉ ደንበኛ የሚያባርር ታፔላ ይፈልግ ጀመር። ወልድያ ላይ ሰው እንዲገባ ልጻፍ ብዬ ለምኜ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ መርሳ ላይ ሰው እንዳይገባ ጻፊ የሚለኝ ሰው ወረፋ ያዘ። ሽንኩርት፣ ማንጎ፣ ሳሙና ይከፈለኛል። ቡናማው እንዳያልቅ አመድ ቀላቀልኩበት።

ከነዚህ አንዷ መድኃኒት ቤት ያላት ወጣት ሴት ናት። ያስተማሯት አባቷ ሞተው፣ መድኃኒት ቤቱን ብቻዋን ነው የምታስተዳድረው። የተሰበሩትን መድኃኒት ቤቶች አይታለች። የመስቀል ምልክቱንም ጽሑፉንም አጠፋሁላትና «የሚከራይ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። የቀራትን መድኃኒት ጓሮ ባለው ክፍል አስገባች። ጎረቤቱ ሁሉ ማንም ቢጠይቅ «ሄዳለች» ሊል ተስማማ። መርሳ በዚያ ወቅት በብዙ ነገር አልተስማማችም፤ በዚህ ግን አንድም ሰው ከቃሉ አልወጣም።

አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ከጽሑፌ ሥር፣ ደረጃው ላይ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን አንገቱ ወደ ጎን ወድቋል። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል።

«እዚህ መድኃኒት ቤት አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

«ነበረ።»

«ሄዳለች አሉኝ። አምናም የገዛሁት ከዚህ ነበር። ከግራና ማዶ ነው የመጣሁት።» ወደ ላይ፣ ወደ ጽሑፉ አመለከተች። «ምንድን ነው የሚለው? እኔ አላነብም።»

«የሚከራይ ቤት ይላል።»

«እሺ» አለች። አልተነሣችም። የምትሄድበት ሌላ ቦታ አልነበራትም፤ ቁጭ ብላ ልጁ ላይ የሚያርፈውን ዝንብ እሽ ትላለች። ግራና ቀኜን አየሁ፤ የሐጂ ቆዳ ከሩቅ ይሸታል፤ ታጣቂ የለም። ክንዷን ይዤ አስነሣኋትና በጓሮ አዞርኳት።

ባለ መድኃኒት ቤቷ በሩን በስንጥቅ ከፍታ እኔን ስታይ ተቆጣች። «ሰው ልታመጪብኝ ነው ያጠፋሽልኝ?» ከኋላዬ ያለውን ሕፃን ስታይ ግን በሩን ሙሉ ለሙሉ ከፈተችው። ልጁ አስቀምጦት አስመልሶት የሰውነቱ ውኃ አልቋል። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው በማንኪያ ጠብ እያደረጉ የተበጠበጠውን የተቅማጥ መድኃኒት ዱቄት ሲያጠጡት፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ብዙ ቆይቶ ልጁ አለቀሰ፤ ደካማ፣ የተነጫነጨ ለቅሶ። እናቱ ደንግጣ አፉን ልትይዘው ስትል ባለ መድኃኒት ቤቷ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው፣ ያልቅስ።»

ስወጣ ተከትላኝ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ስንቱ ደረጃዬ ላይ ተቀምጦ ተመልሷል?» አለችኝ። «በቃ፣ ለእኔ ታፔላዬ አንቺ ሁኚ። የታመመ ሰው ካየሽ አምጪ።»

ከዚያ በኋላ በሽተኛ ያለው ሰው ወደ አክስቴ ግቢ ይላክ ጀመር። «ማንጎ ያለበትን ግቢ ጠይቁ» ይባላል። ጠዋት ጠዋት የምጽፈውን ጽሑፍ ከሰዓት በኋላ በአፌ አፈርሰዋለሁ። አክስቴ የመጣውን ሁሉ «አብሽሪ፣ አብሽር» እያሉ እያጽናኑ ጥላ ሥር ያስቀምጣሉ፤ እኔ መንገዱን አይቼ አንድ በአንድ በጓሮ አደርሳለሁ። ለዚህኛው ሥራ ማንም አልከፈለኝም፤ እኔም ዋጋ አላወጣሁለትም።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጡ። ሲወጡ ታፔላ የሚያነብ ጊዜ አልነበራቸውም፤ የቸኮለ ሰው ያገኘውን በር ይሰብራል። «የሚከራይ ቤት» ያልኩትም፣ ሌላ ሌላ ያልኩትም ተሰበረ። የባለ መድኃኒት ቤቷ የጓሮ ክፍል ግን በዚያን ጊዜ ባዶ ነበር፤ ያላትን ለበሽተኛ ጨርሳው ነበርና የተሰረቀባት ወንበር ብቻ ነው። የሐጂን በር ከፍተው ሽታው መለሳቸው። ሐጂ ለምስጋና ሱጁድ ወረዱ። ከዚያ ቆዳውን አንሥተው ካርቶኖቹን ከፈቱ። ቆዳው አይጥ ሰብስቧል፤ አይጡ የቴሌቪዥኑን ገመድ፣ የሶላሩን ሽቦ፣ የሞባይሉን ካርቶን እየቆረጠ ጎጆ ሠርቶበታል።

ሐጂ አንዱን ገመድ አነሡት። «ከታጣቂ አዳንነውና ለአይጥ ሰጠነው» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።» ቀጥሎ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ባለቤቴ ውኃ አመጣላቸው።

መንገድ ሲከፈት አንድ ቆዳ ነጋዴ ከደቡብ በኩል መጣ። የተቀመጠውን ሁሉ ገዝቶ በአይሱዙ ጫነ። ሐጂ እንደገና ሱቅ የከፈቱት በዚያ ገንዘብ ነው። ታፔላቸውን ልመልስላቸው መሰላል ይዤ ብሄድ እጃቸውን አነሡ።

«ያንን አትንኪው። ከሥሩ በትንሹ፣ ሞባይልና ቴሌቪዥንም አለ በይልኝ።»

የከፈሉኝ በብር ነው። በዚያ ብር ከደሴ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ አስመጣሁና ወደ ወልድያ ተመለስን። የባለቤቴ ደመወዝም ቆይታ መጣች። መጥታም ብዙ አልቆየችም።

ወልድያ ውስጥ የወደቀ ታፔላ ስለበዛ አንድ ዓመት ያህል እጄ አላረፈም። በቀጣዩ ክረምት ቆቦ ላይ እንደገና ውጊያ ተነሣ ሲባል፣ በሦስት ቀለም አሳምሬ የጻፍኩለት ባለ ሆቴል እየሮጠ መጥቶ «ያ ቡናማሽ አለ?» አለኝ። ግማሹን አጥፍተን ሳንጨርስ ነገሩ በረደ፤ ሆቴሉ ለወራት «ምግብና መኝ» እያለ ኖረ። በመጨረሻ ሰላም ሆነ ተባለ፤ ከሰላሙም ጋር ባነር የሚያትም ማሽን ወደ ከተማው መጣ። ጦርነት ያልቀማኝን ደንበኛ እሱ ቀማኝ። ፎቶውን፣ ጥላውን፣ የሚያብረቀርቅ ፊደሉን በአንድ ሰዓት ይተፋዋል። ለእኔ የቀረው ማሽኑ የማይደርስበት ግድግዳ ነው፤ የገጠር ትምህርት ቤት፣ የኅብረት ሥራ መጋዘን፣ ወፍጮ ቤት።

በቀደም ግራና ነበርኩ። አንድ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ እጽፋለሁ። ወፍጮው ያጓራል፣ ዱቄቱ ቀለሜ ላይ ያርፋል። እህል ያስፈጩ አንድ አባት በትራቸውን ተደግፈው ብዙ ሲያዩኝ ቆዩ።

«ምን ይላል ልጄ?»

«ወፍጮ ቤት ይላል አባቴ።»

ጆሯቸውን ወደ ወፍጮው አዘነበሉ። «ይኸ ሁሉ እየጮኸ፣ ጽሑፍ ምን አስፈለገው?»

ቅድሚያ ክፍያ ተቀብያለሁና ብሩሼን ነክሬ «ቤ»ን ቀጠልኩ።